ከጆሃንስበርግ ወደ ቪክቶሪያ ፏፏቴ በአውቶብስ፦ 40 ተማሪ ይዘን በየት በኩል እንሂድ?

ዛምቤዚ_ናፋቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምማረው ጆሃንስበርግ ነው፣ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ክበባችን አስተባባሪ ነኝ። ጁን መጨረሻ ላይ ፈተና እንዳለቀ ወደ 40 የምንሆን ልጆች አውቶብስ ተከራይተን በዚምባብዌና በዛምቢያ ድንበር ላይ ወዳለው ቪክቶሪያ ፏፏቴ ልንሄድ ነው። አውሮፕላኑ ለአብዛኞቻችን አይቀመስም። ግማሾቹ የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት አላቸው፣ ሌሎቻችን ኢትዮጵያዊ፣ ኮንጓዊ፣ ናይጄሪያዊና ህንዳዊ ነን።

ጭንቀቴ መንገዱ ነው። አንደኛው በቤይትብሪጅ ድንበር በቀጥታ ዚምባብዌ ገብቶ በቡላዋዮ ከተማ የሚያልፈው ነው፣ ሌላው ቦትስዋናን አቋርጦ በካዙንጉላ ድንበር ዚምባብዌ የሚገባው። ልጆቹ ደግሞ ማታ ተነስተን ሳንቆም እንንዳ፣ የአንድ ሌሊት አልጋ እናተርፋለን እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። እኔ አልተዋጠልኝም። አንድ ነገር ቢፈጠር ወላጆቻቸው የሚደውሉት ለኔ ነው። በዚያ የሄዳችሁ ካላችሁ የቱ ይሻላል? ድንበር ላይስ ይሄ ሁሉ ሰው እንዴት ነው የሚስተናገደው? በጁን ውሃው አለ ወይስ ቀንሶ ነው የምንደርሰው?

የመንገድ_ልጅ፦

እህቴ፣ የማታውን ነገር ከአሁኑ ቁርጥ አድርጊው።

እኔ የማውቀው የቦትስዋናውን ነው። ከጆሃንስበርግ ግሮብለርስብሪግ ድንበር፣ ከዚያ በፓላፕዬ አድርጎ ፍራንሲስታውን፣ ቀጥሎ ናታ፣ ከናታ ካዙንጉላ። ይቺ የመጨረሻዋ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ አስፋልቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኟ ግን የዱር አራዊት አገር ስለሆነ ዝሆን እንደፈለገ ይሻገርባታል። ቀን ከሆነ ሹፌሩ ከሩቅ አይቶ ይቆማል፣ እናንተም በመስኮት ፎቶ ታነሳላችሁ። ማታ ግራጫ እንስሳ ከመንገዱ አይለይም፣ መብራት ሲያርፍበት አውቶብሱ አጠገቡ ደርሷል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነስታችሁ ፍራንሲስታውን እደሩ። ጉዞውን እኩል ለሁለት ትከፍለዋለች ማለት ይቻላል። በማግስቱ በጊዜ ከወጣችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርሳላችሁ።

አንድ ነገር አስቡበት። ቦትስዋና ውስጥ የከብት በሽታ መቆጣጠሪያ ኬላዎች አሉ። ሰው ሁሉ ይወርድና መድኃኒት በተነከረ ምንጣፍ ላይ የጫማውን ሶል ረግጦ ያልፋል። አንዳንዴ ሻንጣ አስከፍተው ሌላ ጥንድ ጫማም ያስነክራሉ። ጥሬ ሥጋና ወተት ከተገኘ ይወሰዳል። 40 ሰው ወርዶ እስኪሳፈር ሰዓት ይበላል።

ቡላዋዮ_ማዶ፦

የመንገድ_ልጅ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ለዚህ ቡድን ግን እኔ ቤይትብሪጅን ነው የምመርጠው። ምክንያቱ መንገዱ ሳይሆን ፓስፖርቱ ነው። የደቡብ አፍሪካ ልጆች ቦትስዋናም ዚምባብዌም ያለ ቪዛ ይገባሉ። ለሌሎቻችሁ ግን በቦትስዋና መዞር ማለት የአንድ ተጨማሪ አገር ሕግ፣ ምናልባትም የአንድ ተጨማሪ ቪዛ ወጪ ማለት ነው። በቤይትብሪጅ ከገባችሁ የምትጨነቁት ስለ ዚምባብዌ ብቻ ነው።

ዚምባብዌ አገሮችን በሦስት ምድብ ነው የከፈለችው፤ ቪዛ የማይጠየቁ፣ ድንበር ላይ የሚሰጣቸው፣ ቀድመው ማውጣት ያለባቸው። ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ያለ ልጅ ድንበር ላይ ይሰጡኛል ብሎ ከሄደ ይመለሳል፣ አውቶብሱም እሱን ጠብቆ አይቆምም። ዛሬውኑ የእያንዳንዱን ፓስፖርት ዝርዝር ያዢና ከኢሚግሬሽናቸው ድረ ገጽ ላይ አንድ በአንድ አረጋግጪ። ካዛ ዩኒቪዛ የሚባል ዛምቢያንና ዚምባብዌን በአንድ ላይ የሚያስገባ የ30 ቀን ቪዛም አለ፣ ግን ለሁሉም ፓስፖርት አይሰጥም።

ከዚህ የሚብሰው መመለሻው ነው! የደቡብ አፍሪካ የተማሪ ቪዛው እድሳት ላይ ያለ ልጅ ካለ ሳያጣራ እንዳይወጣ። መውጣቱ ቀላል ነው፣ ተመልሶ መግባቱ ነው ጣጣው።

መንገዱን በተመለከተ ጠቅላላው ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሲና እደሩ፣ ድንበሩ አፍንጫ ሥር ናት። ቤይትብሪጅ 24 ሰዓት ክፍት ስለሆነ ማለዳ ቀድማችሁ መሰለፍ ትችላላችሁ። ከሰዓት በኋላ ቡላዋዮ ትደርሳላችሁ፣ እዚያም እደሩ። ከቡላዋዮ ፏፏቴው ገና 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ሁዋንጌ አካባቢ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ከባድ መኪኖች ይበዛሉ፣ ጉድጓዱም አለ፣ በጨለማ የሚገባበት አይደለም።

ጂኦግራፊ ተማሪዎች ከሆናችሁ ደግሞ ቡላዋዮ ማደሩ ኪሳራ አይደለም። ማቶቦ ኮረብቶች ቅርብ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። አንዱ ግራናይት በሌላው ላይ ተቆልሎ የቆመበትን ቦታ ታያላችሁ፣ የሳን ሕዝቦች የዋሻ ሥዕሎችም አሉ።

ከአውቶብስ አከራዩ ጋር ስትዋዋዪ ሁለት ሹፌር ይኑር በይ። የድንበር ተሻጋሪ ትራንስፖርት ፈቃዱን በዓይንሽ እዪው፣ አለን ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም።

ነጭ_ጋውን፦

በጤናው በኩል ትንሽ ልጨምር። ፏፏቴው አካባቢ ወባ አለ። ጁን ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። መከላከያው ክኒን ከጉዞው በፊት ይጀመራል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ይቀጥላል። ክኒኑ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ከሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ ለ4 ሳምንት። ብዙ ተማሪ ቤቱ ሲደርስ ያቋርጠዋል፣ እባክሽ አጥብቀሽ ንገሪያቸው። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ካለ ጉንፋን ነው ብሎ አይተኛ፣ ሐኪሙ ጋ ሄዶ ወባ ያለበት አገር ነበርኩ ይበል።

በቅርቡ አገራቸው ሄደው የመጡ የኮንጎና የናይጄሪያ ልጆች የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳቸውን ይያዙ። አዲስ የሚከተብ ካለ ካርዱ የሚሠራው ከ10 ቀን በኋላ ነው።

በየሁለት ሰዓቱ አውቶብሱን አስቁማችሁ ሁሉም ወርዶ እግሩን ያፍታታ። ቁጭ ብሎ መዋል እግር ያሳብጣል፣ ደም መርጋትም ሊያመጣ ይችላል። መኪና የሚያቅለሸልሻቸው ፊት ወንበር ይቀመጡ።

ዛምቤዚ_ናፋቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያቀለላችሁልኝ። በቤይትብሪጅ እንሄዳለን፣ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ እናድራለን። አልጋው ካስወደደው አንድ ቀን እዚያ እንቀንሳለን እንጂ ማታ አንነዳም። ስለ ውሃው የሚያውቅ አለ?

ካታራክት፦

በጁን ውሃ አለ፣ አትስጊ። ፏፏቴው ያለበት የዛምቤዚ ወንዝ በብዛት የሚሞላው ከማርች እስከ ሜይ ነው። ኤፕሪል ላይ ብትሄዱ ኖሮ ጉሙ ከመብዛቱ የተነሳ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ፏፏቴ ላታዩት ትችሉ ነበር። ጁን መጨረሻ ላይ ጉሙ ሳሳ ይላል፣ ውሃው ግን ገና ብርቱ ነው። ክፉው ጊዜ ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው፣ ያኔ የዛምቢያው ጎን ባዶ ገደል ሆኖ ይቀራል ማለት ይቻላል።

ፏፏቴው 1,708 ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ከፍታ አለው። ዋናውን ክፍል ፊት ለፊት የምታዩት ከዚምባብዌ በኩል ነው፣ ስለዚህ ዛምቢያ አልገባንም ብላችሁ አትቆጩ። ልጆቹን ዴቪልስ ካታራክት ወደሚባለው የፏፏቴው ክፍል ይዘሻቸው ሂጂ። ወንዙ በባዛልቱ (ከእሳተ ገሞራ በተሠራው ድንጋይ) ስንጥቅ ገብቶ ቀጣዩን ገደል እየቆረጠ ያለው እዚያ ነው። ከፏፏቴው በታች ዚግዛግ የሚሄዱት ገደሎች ደግሞ በየዘመኑ ፏፏቴው የነበረባቸው ቦታዎች ናቸው። ክፍል ውስጥ በካርታ ያያችሁትን እዚያ በእግራችሁ ትሄዱበታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1905 የተሠራው ድልድይ ላይም ውጡ። የዛምቢያ ቪዛ የሌለው ሰው ከዚምባብዌው ኢሚግሬሽን የድልድይ ማለፊያ ወረቀት ተቀብሎ መሃሉ ድረስ ሄዶ መመለስ ይችላል። ትናንሽ የዶላር ኖቶች ያዙ፣ ያልተቀደዱና ያልቆሸሹ ይሁኑ፣ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። ፓስፖርትና ስልክ ውሃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሉ። ፌስታል በእጅ አንጠልጥላችሁ ግን አትግቡ፣ ዝንጀሮዎቹ ምግብ ነው ብለው ይመነትፏችኋል።