ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መጠጥ አትሽጡ መባሉ ስካርን ይቀንሳል ወይ?

የወረዳው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። በወረዳችን ለሚካሄድ የወጣቶች ውይይት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣውም ይኸው አዋጅ ነው፤ ማስታወቂያውን ለጊዜው ተዉት፣ ጥያቄዬ ስለ ሽያጩ ነው።

መቅመስና እስኪወድቁ መጠጣት አንድ አይደሉም። ሽያጭ መከልከሉ ሁለተኛውን ይቀንሳል? ወይስ ልጆቹን ከግሮሰሪ አስነስቶ አረቄ ቤት ብቻ ነው የሚያስቀምጣቸው? ሌላ አገር ተለክቶ የታየ ነገር ካለ ከነቁጥሩ ብትሰጡኝ። "ሕግ ብቻውን አይበቃም" የሚለውን ስብሰባ ላይ ሁሌ ስለምንሰማው እሱን አትድገሙብኝ።

ቁጥር ወዳድ

በደንብ የተጠናው የአሜሪካው ነው፤ ምክንያቱም ዕድሜው ወርዶ እንደገና ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 የመምረጫ ዕድሜ 18 ሲሆን ብዙ ግዛቶች የመጠጡንም ዕድሜ ወደ 18 እና 19 አወረዱ። የወጣቶች የመኪና አደጋ ሲበረክት በ1984 አዲስ ሕግ ወጣ፤ የመጠጥ ዕድሜን 21 ያላደረገ ግዛት ከፌዴራል የመንገድ በጀቱ ላይ ይቀነስበታል የሚል። በ1988 ሁሉም ግዛቶች ገብተው አለቁ።

ከ1975 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ ይጠየቃሉ፦ "ባለፉት ሁለት ሳምንታት በአንድ ጊዜ አምስት መጠጥ ወይም ከዚያ በላይ ጠጥተሃል?" በ1980 አካባቢ አዎ ያሉት 41% ገደማ ነበሩ። አሁን ከ15% በታች ናቸው። ግን ይህን ቁጥር ይዘህ ውይይቱ ላይ እንዳትቆም፤ ያዋርድሃል። መውረዱ ከሕጉ በፊት ጀምሯል፣ ትልቁ ቅናሽ ደግሞ ሕጉ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣ ነው። ሁሉንም ለክልከላው መስጠት አይቻልም።

ጠንካራው ማስረጃ ሌላ ነው። 21 ሊሞላቸው ጥቂት ወራት የቀሯቸውንና ገና የሞላቸውን ወጣቶች ማወዳደር። በአስተዳደግም በገንዘብም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው መግዛት መቻላቸው ብቻ ነው። ካርፔንተርና ዶብኪን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ልክ 21 ሲሞላ የሚጠጣባቸው ቀናት ብዛት በ21% ገደማ ይዘላል፣ የሞት መጠንም በ9% ገደማ ይጨምራል፤ ጭማሪው የመጣው በዋናነት ከመኪና አደጋ፣ ራስን ከማጥፋትና ከአልኮል መመረዝ ነው። እንግዲህ በሐሰተኛ መታወቂያና በታላቅ ጓደኛ የተበሳሳ ክልከላ እንኳ የሆነ ያህል ይይዛል ማለት ነው።

ወደ ታች የሚፈስ ነገርም አለ። ኒውዚላንድ በ1999 ዕድሜውን ከ20 ወደ 18 አወረደች። ከዚያ በኋላ በመኪና አደጋ የሚጎዱት ከ18 እና 19 ዓመቶቹ አልፎ ከ15 እስከ 17 ያሉትም ጨመሩ የሚል ጥናት ወጥቷል (የተከራከሩት ተመራማሪዎችም አሉ)። አመክንዮው ቀላል ነው፤ የ16 ዓመት ልጅ የሚያስገዛው የሚያውቀውን የ18 ዓመት ልጅ ነው። የ21 ዓመት ሰው ግን ከትምህርት ቤት ወጥቷል፣ ከሱ ጋር አይውልም።

ሰሜን ነፋስ

ቁጥር ወዳድ ያለው እውነት ነው፤ ግን አይስላንድን ሳያነሱ ይህን ክርክር መዝጋት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉ ልጆች 42% ባለፈው ወር ሰክረው ነበር። በ2016 ይህ 5% ሆነ። የመግዣ ዕድሜው ግን በፊትም 20 ነበር፣ በኋላም 20 ነው። መጠጥ የሚሸጠው በመንግሥት ሱቅ ነው፤ ይህም አልተቀየረም። ያው ክልከላ ባለበት ነው አንዴ 42%፣ አንዴ 5% የሆነው።

የተቀየረው ሌላ ነው። ልጆች በምሽት ከቤት ውጪ የሚቆዩበት ሰዓት ገደብ ነበረው፤ እሱን ወላጆች ተስማምተው፣ በየሰፈሩም በቡድን እየዞሩ ማስከበር ጀመሩ። ማዘጋጃ ቤቶች ለስፖርትና ለሙዚቃ ትምህርት መክፈያ ለእያንዳንዱ ልጅ ድጎማ ሰጡ። ተማሪዎች በየጊዜው ይጠየቃሉ፣ ውጤቱም ሳይቆይ ለየትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ወላጅ የሚያየው ስለ አገር ሳይሆን ስለ ልጁ ትምህርት ቤት የተጻፈ ቁጥር ነው። ለኔ ትልቁ ዘዴ ይህ የመጨረሻው ነው።

ሌላ ጠቃሚ ምሳሌ ጀርመን ናት። ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ግዛት በ2010 ዕድሜውን ሳይነካ ሱቆችና ነዳጅ ማደያዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) መጠጥ እንዳይሸጡ ከለከለ። በመጠጥ ምክንያት ሆስፒታል የሚገቡ ወጣቶች ቁጥር በ7% ገደማ ቀነሰ። እስኪወድቁ መጠጣት የሚመጣው ያለው ሲያልቅ በሚገዛው ሁለተኛው ዙር ነውና ሰዓቱ እሱን ይቆርጣል። እስራኤልም በ2010 ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት በሱቅ መሸጥን ከልክላለች።

ሊቱዌኒያን የሚጠቅስ ካጋጠመህ ተጠንቀቅ። በ2018 ዕድሜውን ከ18 ወደ 20 ስታወጣ ማስታወቂያውንም ከለከለች፣ የመሸጫ ሰዓቱንም አሳጠረች፤ ቀረጡን ደግሞ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ሰቅላ ነበር። ለውጡ የየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ባንኮኒ

ስለ አፈጻጸሙ ልጻፍ፤ ሕጉ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ችግር ሒሳብ ነው፤ አትሳቁ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ የልደት ዘመን በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የአስተናጋጁ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ዓመት ነው የሚያሳየው። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. 18 ዓመቱ ነው። አስተናጋጁ ስልኩ ላይ ካለው 2026 ላይ 2000 ቢቀንስ 26 ይመጣለታል፤ በቅን ልቦና ይሸጣል። ፓስፖርት ያሳየ ትልቅ ሰው ላይ ደግሞ የተገላቢጦሹ ይደርሳል። መፍትሔው ማስላትን ከሰው ላይ ማንሳት ነው፦ ባንኮኒው ጀርባ በየቀኑ የሚቀየር ወረቀት ይለጠፍ፤ "ዛሬ የሚገዛው ከዚህ ቀን በፊት የተወለደ ነው" ብሎ ሁለት ቀን ብቻ፣ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ። በሥራ ቦታ ሕግ የሚከበረው እንዲህ ሲቀል ነው።

ሁለተኛው "ትልቅ ይመስላል" ነው። የ19 ዓመቱን ከ22 ዓመቱ በዓይን የሚለይ የለም። በሌሎች አገሮች የሚሠራበት ደንብ ከ25 በታች የሚመስለውን ሁሉ ጠይቅ የሚል ነው። አራት ዓመት ትርፍ ሲሰጥህ ስህተትህ ብዙ ጊዜ ከ21 በታች አይወርድም፤ የተጠየቀውም "ልጅ አስመሰልከኝ" ብሎ አይቆጣም፣ ሁሉም ይጠየቃላ።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ነው። ከስድስቱ አንዱ ታላቅ ሆኖ ያዛል፣ ስድስቱ ይጠጣሉ። በር ላይ የታየ መታወቂያ እዚህ ዋጋ የለውም። ማየት ያለበት የሚያስተናግደው ነው፣ ያውም ብርጭቆ ሲያስቀምጥ።

ቁጥጥሩን በተመለከተ፦ ደንብ ማስከበር መለዮ ለብሶ ሲገባ ሁሉም ቤት ጨዋ ነው፤ የሚለካው ነገር የለም። ሌላ አገር የሚደረገው የሙከራ ግዢ ነው። ከዕድሜው በታች የሆነ ፈቃደኛ (በ18 እና በ20 መካከል ቢሆን ይሻላል፣ ሕፃን መላክ አይገባም) የራሱን እውነተኛ መታወቂያ ይዞ ይገባል፣ አንድ ቢራ ያዛል፤ ዕድሜውን ከተጠየቀ አይዋሽም፣ አይከራከርም፣ አይጠጣም። ተቆጣጣሪው ውጪ ይጠብቃል። ከስንት ቤት ስንቱ ሸጠ የሚለው ቁጥር የወረዳህ እውነተኛ መለኪያ ነው። አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ከእንዲህ ያለ ፍተሻ በኋላ ቤቱ ለታዳጊ የመሸጥ ዕድሉ በ17% ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ሱቆች ላይ ግን ውጤቱ በሦስት ወር ውስጥ ተንኖ ይጠፋል። ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ በበዓል ሰሞን የሚደረግ ዘመቻ ገንዘብ ማባከን ነው። በየሦስት ወሩ፣ ቀኑ ሳይታወቅ።

የወረዳው ልጅ

ባንኮኒ፣ የቀን ቆጠራውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ። አሁን የሚቀረኝ አረቄው ነው። እኛ ሰፈር አረቄ ቤቱ ንግድ ፈቃድም ባንኮኒም የለው፤ እናት ጓዳ አውጥተው ሳሎን ይሸጣሉ። ግሮሰሪውን ባጠበቅን ቁጥር ልጆቹ ወደዚያ አይሄዱም?

ምሽት ተረኛ

ይሄዳሉ። ለምን እንደሚከፋ በግራም ላሳይህ። የንጹሕ አልኮል መጠን፦ ሚሊ ሊትሩን በፐርሰንቱ አባዛ፣ ለ100 አካፍል፣ በ0.79 አባዛ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ የጠጣውን ነው ከመጠን በላይ የሚለው።

330 ሚሊ ሊትር፣ 5% ቢራ 13 ግራም ነው፤ 60 የሚሞላው አምስተኛው ጠርሙስ ላይ ነው። 4% ጠላ በግማሽ ሊትር ጣሳ ከሆነ አራት ጣሳ ያህል። 10% ጠጅ በ300 ሚሊ ሊትር ብርሌ ሁለት ተኩል ብርሌ። 45% ዳግም አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ አንዱ 14 ግራም ነው፤ አራቱን መለኪያ ለማውረድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አምስት ቢራ ሆድ ይሞላል፣ ያሸናል፣ ጊዜ ይወስዳል። የቤት መጠጥ ደግሞ መለያ ወረቀት የለውም፤ ጥንካሬው ከጠማቂ ጠማቂ ይለያያል፣ ከላይ ያሉት ፐርሰንቶች መነሻ ብቻ ናቸው። ሴት ልጅ ደግሞ ባነሰ መጠን እዚያው ትደርሳለች፤ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውኃ በአማካይ ያንሳል።

የሰፈርህን ዋጋ ወስደህ ለግራሙ አካፍል። አረቄው በግራም ከቢራ ከረከሰ (ብዙ ቦታ ነው) ግሮሰሪው ላይ ብቻ የሚጠብቅ ክልከላ ወደ ጠንካራው ይገፋል። አረቄ ቤቶቹን ልዝጋ ካልክ ግን የእናቶቹ እንጀራ ነው፣ ነገ ጎረቤት ይከፍቱታል። ከነሱ ጋር ሁለት ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ዩኒፎርም ለለበሰና ደብተር ለያዘ በጭራሽ፤ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ለማንም። ትንሽ ነው፣ ግን ጎረቤት አይቶ ሊመሰክርበት ይችላል።

አንድ የረሳችሁት ነገር ጨብሲ ነው። ጫት ሕጋዊ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቅሞ፣ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ይጠጣል። ያ ልጅ ለጨዋታ አይደለም የሚጠጣው፣ እንቅልፍ ፍለጋ ነው፤ ቶሎና ጠንካራ ይፈልጋል፣ ጫቱ ስላነቃው የስካሩ ስሜትም ይዘገይበታል። የፈረንጅ ጥናት ላይ ይህ የለም። የናንተ ወረዳ ላይ ካለ፣ መጠጡን ለብቻ መለካት ግማሹን ማየት ነው።

ክልከላው የሚያመጣውን አንድ ጉዳትም ጻፍ፦ ጓደኛው ሲወድቅ ሰው መጥራት መፍራት። በዚህ ምክንያት ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እርዳታ የጠራ ታዳጊ በመጠጣቱ እንዳይከሰስ ደንግገዋል። ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከስምንት በታች የሆነ ወይም በየመሃሉ አሥር ሰከንድ የሚቆም፣ የሚቀዘቅዝ ሰው "ይተኛ፣ ይለቀዋል" አይባልም። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ብቻውን ሳትተዉት ለአምቡላንስ 907 ደውሉ። ቡና ማጠጣት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት፣ በግድ ማስታወክ አይረዳም፤ ትውከቱ ሳንባ ይገባል።

ቁጥር ወዳድ

ከምሽት ተረኛ ቀጥዬ፦ መጠይቅ ስታዘጋጅ "ትጠጣለህ?" ብለህ አትጠይቅ፣ አልጠጣም ይልሃል። ስም አይጻፍ፣ መምህር ክፍሉ ውስጥ አይኑር፣ ወረቀቱ ታጥፎ ሳጥን ይግባ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ባለፉት 30 ቀናት በአንድ ቁጭታ አምስት ቢራ ወይም አራት መለኪያ አረቄ ወይም ከዚያ በላይ የጠጣህበት ቀን ስንት ነው? የመጨረሻው ጊዜ መጠጡ ከየት ተገኘ (ግሮሰሪ፣ ሱቅ፣ አረቄ ቤት፣ ታላቅ ጓደኛ፣ ከቤት)? በዚያ ቀን ጫት ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄ ነው የራስህን ጥያቄ የሚመልስልህ። ቁጥጥሩ ሲጀመር ጠይቅ፣ ከስድስት ወር በኋላ ድገም። "ግሮሰሪ" ወርዶ "አረቄ ቤት" በዚያው ልክ ከወጣ፣ ልጆቹ ቦታ ብቻ ነው የቀየሩት።

የወረዳው ልጅ

በ"ከቤት" ላይ "በበዓል" የሚል ልጨምርበት ነው። ፋሲካ ሰሞን ከጠየቅን ሁሉም ጠላ ጠጥቷል።

ቁጥር ወዳድ

ጨምርበት። ሁለቱንም ዙር ግን ከበዓል ራቅ አድርገው፤ አንዱን ኅዳር፣ ሌላውን ግንቦት።