ወደ ቱርካና ለወንጌል አገልግሎት ልሄድ ነው፤ የዕለት ኑሮው እንዴት ነው?

የፍኖተ ሰላም ልጅ

እንደምን ከረማችሁ ቤተሰብ። ዕድሜዬ 24 ነው። ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው፤ አሁን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከመስከረም በኋላ ጌታ ቢፈቅድ ለሁለት ዓመት ወደ ሰሜን ኬንያ፣ ቱርካና ልሄድ ነው። ሎድዋር ከምትባለው ከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነው ተብያለሁ።

ስለ ጥሪው ጥያቄ የለኝም። ተጸልዮበታል፤ ሽማግሌዎችም እጅ ጭነውልኛል። ሥልጠናው ላይም ስለ ስብከት፣ ስለ ደቀ መዝሙርነት ብዙ ተምረናል። አንድ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት እንደሚውል ግን የነገረን የለም። ጠዋት ተነስቼ ወዴት ነው የምሄደው? ማንን ነው የማናግረው? ቋንቋውን እስክለምድ ምን እሠራለሁ?

ሌላው እናቴ ናት። እሷ ኦርቶዶክስ ናት። እኔ የያዝኩትን መንገድ እስካሁን በልቧ አልተቀበለችውም። አሁን ደግሞ ሰው አገር እሄዳለሁ ስላት ቡና ስታፈላ እንኳ አታናግረኝም። የሄደበት ሰው ካለ ሳይደብቅ ይንገረኝ።

የሞጣዋ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ እዚያው አካባቢ ነበርኩ። በ2015 መጀመሪያ ሄጄ ሁለት ዓመት ገደማ አገልግያለሁ። አሁን ባሕር ዳር ነኝ።

መጀመሪያ ሙቀቱ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ሎድዋር 500 ሜትር ገደማ ነው። አንተና እኔ ጋቢ ተከናንበን ያደግን ልጆች ነን። እዚያ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፤ ሌሊቱም ብዙ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ሰው የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው። ሥራ የሚሠራው እስከ ረፋድ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ሁሉም ጥላ ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ስዋሂሊ ተናጋሪም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ካሉህ አንድ ሰዓት ነው። ከሌላ አገር የመጡትን ግራ የሚያጋባው ነገር አንተን አያስቸግርህም።

ጠዋት ወዴት ነው የምሄደው ላልከው፣ እኔ የምሄደው ውሃ ልቀዳ ነበር። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሴቶቹ አሸዋውን ይቆፍራሉ። በድርቅ ጊዜ ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ይጠልቃል። አንዷ ትገባለች፤ በጣሳ እየቀዳች ላይ ላለችው ታቀብላለች፤ ያቺ ጀሪካኑ ውስጥ ትገለብጣለች። ጥቂት እንደተቀዳ ውሃው ያልቃል። እስኪያቆር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ቱርካንኛ የተማርኩት እዚያ ስጠብቅ ነው። የማን ፍየል እንደጠፋች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ትኩሳት እንደያዘው የሚወራው እዚያ ነው። በትምህርት ቤት ስዋሂሊ መማር ጥሩ ነው፤ ተማር። ከተማ ውስጥ፣ ሱቅ፣ ክሊኒክ ያስፈልግሃል። እናቶች የልባቸውን የሚያወሩት ግን በቱርካንኛ ነው።

አንተ ወንድ ስለሆንክ ቦታህ ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ይውላሉ። እያንዳንዱ ኤኪቾሎንግ የምትባል ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ይይዛል። ቀን ይቀመጥባታል፤ ሲተኛ ይንተራሳታል። ከእጁ አትለይም። አንተ መሬት ላይ ቁጭ በል። ስለ ፍየል፣ ስለ ግመል፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። የገበሬ ልጅ ከሆንክ ስለ ከብት ጠይቃቸው፤ ስለ አገርህም ንገራቸው። እኔ ቤታችን ያለውን በሬና ሞፈር ቀንበር ሳወራ ሴቶቹ በዙሪያዬ ይሰበሰቡ ነበር። በሬ መሬት ሲያርስ አስቡት ስላቸው ይደነቃሉ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። እኛ ጎጃም እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን። እግር ማጠቡ፣ መደብ መልቀቁ፣ በሞቴ እያሉ ማጉረሱ ከልጅነት ያደግንበት ነው። እንግዳ ሆኖ መኖር ግን ማንም አላስተማረንም። ሰው አገር ስትሄድ ሰጪ ሆነህ የምትሄድ ይመስልሃል። ወንጌል ይዘሃል፤ መድኃኒት ይዘሃል፤ ትምህርት ይዘሃል። እዚያ ስትደርስ ግን አፍህን የማትፈታ፣ ውሃ የት እንዳለ የማታውቅ፣ ጊንጥ ከየት እንደሚወጣ የማታውቅ ሰው ነህ። እያንዳንዱን ነገር ከነሱ እጅ ነው የምትቀበለው። ይህን የተቀበለ አገልጋይ ያድጋል። ያልተቀበለው ይመረራል፤ ወይም ሰውን መናቅ ይጀምራል።

እኔ በደረስኩበት ጊዜ ድርቁ አልለቀቀም ነበር። አራት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ነበር፤ አምስተኛውም ከሸፈ። ከብቱ ባዶ ቆዳ ሆኖ መንገድ ዳር ወድቋል። በዚያ መሀል አንዲት ጎረቤቴ ሻይ በወተት አፍልታ አመጣችልኝ። ሰባራ እጀታ ያለው ሰማያዊ የብረት ኩባያ ነበር። ወተቱ ከየት እንደመጣ ገብቶኛል፤ አንዲት የምትታለብ ፍየል ብቻ ነበረቻት፤ እሷም ለትንሹ ልጇ ነበረች። እኔ ኩባያውን ይዤ ዝም አልኩ። አብራኝ የነበረችው ኬንያዊት ወንጌላዊት ጠጋ ብላ «ጠጪ፣ እሷ እያየችሽ ነው» አለችኝ። ጠጣሁት። እስክጨርሰው ሴትዮዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ከዚያ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ልጁን ወባ ያዘው። እኩለ ሌሊት ላይ መጥታ የጠራችው እኔን ነው። ሞተር ብስክሌት ተለምኖ ተገኘ፤ እዚያ ቦዳ ቦዳ ይሉታል። ባለሞተሩ ፊት፣ ልጁ መሀል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ክሊኒክ አደረስነው። ልጁ ተርፏል፤ ጌታ ይመስገን። ሻይዋን መልሼላት ቢሆን ያን ሌሊት ወደ እኔ የምትመጣ አይመስለኝም።

ስለ መንፈሳዊ ሕይወትም ሳልነግርህ አላልፍም። አገር ቤት ሳለህ ኳየሩ አለ፤ ኪቦርዱ አለ፤ የረቡዕ ጸሎት አለ። ሲደክምህ ሌላው ይሸከምሃል። እዚያ ያ ሁሉ የለም። በአማርኛ የሚጸልይ ሰው የማትሰማበት ወር ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ያለ ጸሎት ይከብዳል። እኔን የረዳኝ ነገር ቢኖር ሳይነጋ ከቤት ውጭ ተቀምጬ መዝሙረ ዳዊትን ድምፅ አውጥቼ በአማርኛ ማንበቤ ነው። የሰፈሩ ልጆች መጥተው በዙሪያዬ ይቀመጡ ነበር። አንድም ቃል አይገባቸውም፤ ግን አይሄዱም።

እናትህ። የእኔም እናት ኦርቶዶክስ ናት። ሞጣ ጊዮርጊስን ሳትሳለም አትውልም። ስሄድ አልቅሳለች፤ ግን መርቃኛለች። ሳትመርቅህ አትሂድ። ስለ ሃይማኖት አትከራከራት። ፊቷ ቁጭ በልና እግሯን ስመህ ምረቂኝ በላት፤ እናት ምርቃት አትከለክልም። አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችንም የምንፈራው የሄደው ልጅ ምን ይሆናል ብለን ነው። በእኔ ላይ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ ጦርነቱም ሲመጣ፣ ደህና የነበርኩት እኔ ነኝ። እንቅልፍ ያጣሁትም እኔ ነኝ። ስልኩ አንዳንድ ቀን ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን አይሠራም። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ሴቶቹ ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቁኝ «እናትሽ ተገኘች?» ብለው ነበር። እሑድ እሑድ ሞጣን በስም እየጠሩ ይጸልዩ ነበር። ካርታ ላይ አይተዋት አያውቁም። የሄድኩት ልጸልይላቸው ነበር፤ እነሱ ተሸከሙኝ።

ስለ ወረቀት ባጭሩ። ኢትዮጵያዊ ለጉብኝት ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። በዚያ ገብቼ አገለግላለሁ እንዳትል። ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ሥራ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ አለ፤ ክላስ አይ ይባላል። የሚያመለክትልህ የሚቀበልህ አካል ነው። አሁኑኑ ጠይቃቸው፤ ጊዜ ይወስዳል።

የቆሎ ተማሪ የነበርኩ

ልጆቼ፣ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። በእምነት እንለያያለን፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። የሞጣዋ ልጅ የጻፍሽው ልቤን ነክቶኝ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ጎጃም እንግዳ መሆንን የሚያስተምር የለም አልሽ። አለ እንጂ! የቆሎ ተማሪ ምንድነው ታዲያ? እኔ በ12 ዓመቴ ከቤት ወጥቼ ዲማ ጊዮርጊስ ሄጃለሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ፣ ለውሻ ዱላ ይዤ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብያለሁ። የማያውቁኝ እናቶች ቁራሽ ሰጥተውኛል። የሀብታም ልጅም ቢሆን ይለምናል። ለምኖ ያልበላ ቅኔ አይገባውም ይሉን ነበር መምህሮቻችን። የሰው ደጅ መቆም ትዕቢትን እንደሚሰብር ያወቁ ሰዎች ናቸው።

አንተ የምትሄደው ልጅ ደግሞ ይህን አስብ። አገራችን ሚሲዮናውያንን ከነበጎአቸውም ከነክፋታቸውም አይታለች። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የካቶሊክ ቄስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1603 ገባ። አማርኛውንም ግዕዙንም ተማረ። ከሰው ጋር በትዕግሥት ኖረ። በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ሰከላ ግሽ ዓባይን አይቷል። ከሱ ሞት በኋላ በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ይህኛው በትእዛዝ መጣ። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና ይካን አለ። ሕዝቡ አመፀ፤ ወንድም ከወንድሙ ተራረደ። ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፓኤዝና ሜንዴዝ የነበሩበት የካቶሊክ ማኅበር አባላት፣ ጀስዊቶቹም ተባረሩ። መርጡለ ማርያም ብትሄድ እነሱ እንደገና ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ታየዋለህ። ፓኤዝም ሜንዴዝም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የተላኩ ናቸው። የቱርካና ሰዎችም አያት ቅድመ አያት፣ ሥርዓት፣ ሰንበቴ የሚሉት ነገር አላቸው። ሳትጠይቅ አትንቀፍባቸው።

እናትህን ደግሞ አደራ። ልጇ ተማሪ ቤት የገባባት የጎጃም እናት ሁሉ ይህን አልፋዋለች።

የሁለት ልጆች እናት፣ ባሕር ዳር

እኔ የእናትየው ወገን ነኝ። ልጄ ውጭ አገር ነው የሚያገለግለው። ስማኝ የኔ ልጅ፤ እሑድ ከቡና ሰዓት ደውልላት። ቀኑን አታዛባ። ጥርስህን ገልጠህ የተነሳኸውን ፎቶ ብቻ አትላክ፤ እናት በሱ አትታለልም። ምን እንደበላህ ንገራት። የት እንደምትተኛ፣ በሩ መቀርቀሪያ እንዳለው፣ ጎረቤትህ ማን እንደሆነች ንገራት። እኔ የልጄን ጎረቤት በስልክ ሰላም ካልኳት ጀምሮ እህል በልቻለሁ። ቋንቋ አንግባባም። ድምፅዋን ሰማሁ፣ በቃ።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

እታለም፣ ተባረኪልኝ። አባቴ፣ እርስዎንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ስለ ሜንዴዝ ያሉትን ለአብሮ ተጓዦቼ አነብላቸዋለሁ። እትዬ፣ የእሑዱን ቡና ቃል ገብቻለሁ። እናቴ ገና ናት። ዛሬ ግን እዚያ ጤፍ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ምን ይዤ ልሂድ? ሻንጣዬ ትንሽ ነው።

የሞጣዋ

ጤፍ አታገኝም፤ አትድከም። ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ከጎመን ጋር ትለምደዋለህ። እናትህ ከጠየቀችህ በሶና ሽሮ ትቋጥርልህ፤ ደስ ይላታል። በሶ በዚያ ሙቀት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው፤ ለሽማግሌዎቹም አቅምሳቸው። በርበሬ ትንሽ። የራስ ላይ ባትሪ ያዝ፤ ለጊንጥ ነው፤ ጫማህንም ጠዋት ሳታራግፍ አታጥልቅ። አጎበር እዚያው ይገዛል። ጥሬ ብር ብዙ አትያዝ፤ ስልክህ ላይ ኤም-ፔሳ ታወጣለህ፤ ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴት እንኳ በሱ ነው የምትቀበለው። ወፍራም ጃኬትህን ለወንድምህ ተውለት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ከፓስፖርትህ ጋር አድርገው፤ በሞያሌ የምትገባ ከሆነ ይጠይቁሃል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ አስር ቀን ቀደም ብለህ ተከተብ።