ፔዳሉ ይዞራል፣ ሳይክሉ አይሄድም! ሐዋሳ ያላችሁ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች። የባለ 6 ማርሽ ሳይክሌ የኋላ ፍሪዊል (ካቴናው የሚያርፍበት የኋላ ጎማው ባለ ጥርስ ክፍል) ግራ አጋብቶኛል። በተለይ ጠዋት ጠዋት ፔዳሉን ስረግጠው ባዶውን ይሽከረከርና ድንገት ቀጭ ብሎ ይይዛል። ከአቶቴ ወደ ፒያሳ ስወጣ ባጃጅ መሃል ሲከዳኝ አስቡት!

ካቴናው አይዘልም፣ የውጪዎቹ ጥርሶችም አልተበሉም። ስለዚህ የምጠረጥረው ውስጥ ያሉትን የሚነክሱ ትንንሽ ምላሶችና ስፕሪንጋቸውን ነው። የደረቀ ግራሶ ምላሶቹን አጣብቆ እንዳይነሱ ያደርጋል። የሰፈራችን ጠጋኝ ግን ግራሶ ጨምርበት ባይ ነው። እኔ በናፍጣ አጥቤ ቀጭን ዘይት ላደርግለት ነው ያሰብኩት።

ችግሩ ፍሪዊሉ ከቸርኬው አልፈታም ማለቱ ነው። ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ራሱን እያጠበቀ ስለሚሄድ ያለ መፍቻው ሞት ነው፣ በመዶሻና በካቻቢቴ ሲቀጠቅጡት ደግሞ የሚሰበረው ራሱ ፍሪዊሉ ነው። የኔው መፍቻው የሚገባበት ውስጡ ባለ 12 ጥርስ ነው፤ መፍቻውን ሞርሳ ላይ አስሮ ቸርኬውን ወደ ግራ ማዞር ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሐዋሳ ውስጥ ይህ መፍቻ ያለው ማን ነው? ሳይፈታ ከጀርባው ዘይት አንጠባጥቦ የተሳካለትስ አለ? አዲስ ከገዛሁ ደግሞ፣ ካቴናው ቆየት ያለ ስለሆነ፣ አብሮ ካልተቀየረ ይዘላል አይደል?