ውሻ ከሱቅ ደፍ ወዲያ ወይስ ወዲህ? የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች ክርክር

ጥያቄውን ያነሣችው፣ ከከዚራ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄውን የማነሣው በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ተነሥቼ ስለ ሆነ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልጀምርም። ባለፈው ሳምንት፣ ሱቆች የቀትሩን ዕረፍት ጨርሰው በሚከፈቱበት ሰዓት፣ ውሻዬን ቡቺን በአጭር ገመድ ይዤ ከቤቴ ብዙም ወደማይርቅ አንድ ሱቅ ገባሁ። የሳሙናውን ሒሳብ ከፍዬ መልስ እየጠበቅሁ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ገቡ፤ ቡቺም እንደ ልማዷ አንገቷን ዘርግታ እግራቸውን ከነሽርጣቸው ጫፍ ላሰችው። ሽማግሌው አልጮኹም፣ አልተቆጡም። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ ወደ ሶላት እየሄድኩ ነበር እኮ» አሉኝና ወደ መጡበት ተመለሱ። ባለ ሱቁም መልሴን ሲሰጠኝ ከእንግዲህ ውሻዬን ውጭ አስሬ እንድገባ ነገረኝ።

በሽማግሌው ፊት እጅግ አፍሬያለሁ። ከባለ ሱቁ ቃል ጋር ግን እስካሁን አልተስማማሁም። «ውጭ እሰሪያት» ማለት በድሬዳዋ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው የእጁን ጀርባ ፀሐይ በዋለበት አስፋልት ላይ አሳርፎ እስከ ሰባት ለመቁጠር የሞከረ ሰው ነው። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ነው፣ ጫማም የለውም። ቡቺ በየዓመቱ ትከተባለች፣ የክትባት ካርዷ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ያለ ገመድ ከግቢ አትወጣም። ባለቤታቸው የማይታወቅ ፍየሎች ግን በየሱቁ ደጃፍ እየዞሩ ካርቶን ሲበሉ፣ አንዳንዴም የሽንኩርት ጆንያ ሲጎትቱ፣ «ሂጂ!» ከመባል በቀር ክልከላ ይውጣባቸው ያለ ሰው አልሰማሁም። የተከተበችና በገመድ የተያዘች ውሻ ይዞ ወደ ሱቅ፣ ወደ ካፌና ወደ መናፈሻ መግባት ሊፈቀድ ይገባል ወይስ አይገባም? ሐሳባችሁን ስጡበት።

የቀፊራው ባለ ሱቅ

እህታችን፣ ነገሩን ሳታድበሰብሺ ስላቀረብሽው አመሰግናለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላቃና። ሽማግሌው የተመለሱት ውዱእ (ለሶላት የሚደረገው መታጠብ) ፈርሶባቸው አይደለም፤ ውሻ መንካት ውዱእ አያፈርስም። የተመለሱት ምራቁ የነካው እግራቸውና ሽርጣቸው ሳይታጠብ ሊሰግዱ ስለማይችሉ ነው። እዚህ ድሬም ሆነ ሐረር አብዛኛው ሙስሊም የሚከተለው የሻፊዒን መዝሐብ (የሃይማኖት ሕግ መንገድ) ነው፤ በዚህ መዝሐብ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር 7 ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱም አንዱ አፈር በተቀላቀለበት ውኃ ነው። ደረቅ ውሻ ደረቅ ልብስ ታክኮ ቢያልፍ ምንም የለበትም። የማሊኪ መዝሐብ ውሻን በራሱ ንጹሕ አድርጎ እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ለጥበቃና ለአደን ውሻ መያዝም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ «ሙስሊም ውሻ ይጠላል» እየተባለ በየሻይ ቤቱ የሚወራው ነገሩን ያላወቀ ሰው ወሬ ነው።

አሁን ሱቄን ላሳያችሁ። ከበሩ ገባ እንዳላችሁ በስተቀኝ ምስር፣ ሩዝ፣ ስኳርና ዱቄት በጆንያ ተደርድረዋል። ጆንያዎቹ አፋቸው ወደ ውጭ ተጠቅልሎ እስከ ጉልበት ድረስ ይቆማሉ፤ ደንበኛ በእጁ ዘግኖ፣ አይቶና አሽትቶ ነውና የሚገዛው። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ቴምሩ ወደ ፊት ይወጣል። የመካከለኛ ውሻ አፍንጫ የሚደርሰው እዚያው የጆንያው ከንፈር ላይ ነው። ውሻዋ አንድ ጊዜ ብትልስ ያንን ጆንያ ምን ላድርገው? ሳልናገር ብሸጠው ደንበኛዬን አታለልሁ፤ ተናግሬ ልሽጠው ብል የሚገዛኝ የለም፤ ልድፋው ብል 50 ኪሎ ምስር ነው። ፍየሏ ብትልሰው የምከስረው የበላችውን ያህል ብቻ ነው። የፍየሏን ጉዳይ ስላነሣሽው ነው ይህን ማለቴ።

የገንደ ቆሬ ነዋሪ

ሐጂ ያሉት የሙስሊሞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ቃል ልጨምር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በቤታችንም ሁልጊዜ ውሻ ነበረ፤ ሆኖም አንድም ቀን ከደፍ አልፎ አያውቅም። ውሻ የላሰውን ሳህን እናቴ ለሰው አታቀርብበትም ነበር። ከየአቅጣጫው የሚባረርን ሰው «ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ አደረጉት» የምንለው እኛው ነን። ውሻ ወዳጅ ነው፣ ቦታው ግን ደጅ ነው የሚለው ሐሳብ የአንድ ሃይማኖት ንብረት አይደለም።

የሳቢያኗ ነርስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እስካሁን የተነሣው የንጽሕና ጉዳይ ነው፤ እኔ ደግሞ የማየው ከቁስሉ በኩል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከዚህ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለውም አብዷል ተብሎ የሚጠረጠር እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ሱቅ የሚላከው ማን ነው? ልጅ ነው። በሱቅ ባንኮኒና በተደረደረ ጆንያ መካከል ባለች አንድ ክንድ መተላለፊያ ላይ ውሻና ልጅ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚደነግጡት ሁለቱም ናቸው።

እህቴ ካርዷን ቦርሳሽ ውስጥ መያዝሽ የሚያስመሰግንሽ ነው። ነገር ግን ባለ ሱቁ ወይም አጠገብሽ የቆመው ሰው ውሻሽ መከተቧን በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም። በርካታ ውሾች ባልተከተቡበት ከተማ ሰው ሁሉንም ውሻ እንዳልተከተበ ቆጥሮ ቢሸሽ አልፈርድበትም። መንገድ ከከፈታችሁልኝ ይህንንም ልናገር፤ ውሻ የነከሰው ሰው በርበሬ፣ ቡና ወይም ቅጠል ሳይደፋበት ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሦስት ቀን ቆይተው «ቁስሉ ደርቋል» ብለው የሚመጡ አሉ። የቁስሉ መድረቅ ምንም አያመለክትም፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ

ሲስተር ያለችውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የማልቀበለው ከዚያ ተነሥተን ውሻን ከሰው ዓይን እናርቅ ወደሚለው መደምደሚያ የምንሄድበትን ፍጥነት ነው። በከተማችን የአብዛኛው ውሻ ኑሮ ምንድን ነው? ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ሌባ እንዲያባርር ይፈታል። ከባለቤቱ በቀር ሰው ሲቀርበው የሚያውቀው በድንጋይ ነው። እንዲህ ያደገ ውሻ አንድ ቀን ገመድ በጥሶ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ከቡችላነቱ ጀምሮ በገመድ እየተያዘ ገበያና ሕዝብ መካከል የተላመደ ውሻ ግን ሰው ሲያይ አይደነግጥም፣ የማይደነግጥ ውሻም ለመንከስ አይቸኩልም።

ሁለተኛው ነገር የመቆጣጠር ጉዳይ ነው። ባለቤቱ የሚታወቅ ውሻ ሰው ቢነክስ 10 ቀን አስሮ መከታተል ይቻላል፤ በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ባለቤት አልባው ነክሶ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲሮጥ ማን ይከታተለዋል? በሽታው የሚገታው ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ሲከተቡ ነው፤ ቡችላም ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ካርድና ገመድ ያለውን ውሻ ወደ ጎዳናና ወደ መናፈሻ እንዲወጣ አበረታታለሁ፤ ካርድ የማውጣት ጥቅም የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። የጆንያው ነገር ግን ሐጂ እንዳሉት ነው፤ እዚያ አልከራከርም።

በውጭ አገር የኖረ፣ አሁን ከአሸዋ ሰፈር

«በሠለጠነው ዓለም ውሻ በየሱቁ ይገባል» የሚል ክርክር ሳይመጣ ልቅደመው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የምግብ ንጽሕና ደንብ የቤት እንስሳት ምግብ ወደሚዘጋጅበት፣ ወደሚያዝበትና ወደሚከማችበት ቦታ እንዳይገቡ መከላከልን በባለ ድርጅቱ ላይ ይጥላል። በአሜሪካ ደግሞ ከአጠቃላዩ ክልከላ ነፃ የሆነው ለአካል ጉዳተኛ የሠለጠነ ውሻ ሲሆን፣ የሱቁ ሠራተኛ የውሻው ሥራ ግልጽ ካልሆነለት ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነው ወይ፣ ምን እንዲሠራስ ሠልጥኗል። ልብስ መሸጫና መጻሕፍት ቤት ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ፈቃዱ የባለቤቱ ነው።

የጀጎሏ ነዋሪ፣ ከሐረር

ክርክራችሁን ሳነብ ሣቄ መጣ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኛ ዘንድ ጅብ ሲመሽ በግንቡ ሥር በተተወለት ቀዳዳ፣ በወራባ ኑዱል፣ ወደ ጀጎል ገብቶ የወደቀውን አጥንትና ትርፍራፊ ለቅሞ ይወጣል፤ በአሹራ በዓልም በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብለታል። ይህን ሁሉ ዘመን ከጅብ ጋር የኖረ ሕዝብ በገመድ በታሰረች ትንሽ ውሻ ሲጨነቅ ማየቴ ነው ያሣቀኝ።

የቀፊራው ባለ ሱቅ

እህቴ፣ ሣቅሽ ትክክል ነው፤ ግን ያቀረብሽው ምሳሌ ለእኔ ይሟገታል። ጅቡ የራሱ ቀዳዳ አለው፣ የራሱ ሰዓት አለው። በቀን አይመጣም፣ በዋናው በር ከሰው ጋር አይጋፋም፣ ሱቅ ገብቶ ምስር አያሸትም። ከጅብ ጋር ሰላም የሆናችሁት ሰዓቱና መግቢያው ስለተለየ አይደለምን? ለውሻም የምለው ይህንኑ ነው።

የጀጎሏ ነዋሪ፣ ከሐረር

ይህንንስ አላሰብሁትም ነበር። ተቀብያለሁ።

ዓይነ ስውሩ መምህር፣ ከሐረር

የአካል ጉዳተኛ ነገር ስለተነሣ ዝም ማለት አልቻልሁም። እኔ የምሄደው በነጭ በትር ነው፤ በከተማችን በመሪ ውሻ የሚሄድ ዓይነ ስውር አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ የእኛን ስም ለክርክር ማሳመሪያ ብቻ እንዳትጠቀሙበት እለምናለሁ። በእኔ በኩል ያለው እውነት የሚከተለው ነው። ሱቅ በር ላይ የታሰረች ውሻ ገመዷ በበረንዳው ላይ ሲዘረጋ በትሬ ከሥሩ ያልፋል፣ እግሬ ግን ይያዛል። አንድ ጊዜ እንዲህ ወድቄ ጉልበቴ ተልጧል፤ ውሻዋ ከእኔ ይልቅ ደንግጣ ትጮህ ነበር። ማሰሪያ ቦታ ይኑር ከተባለ ከበሩ ራቅ ያለ፣ ገመዱም ከአንድ ክንድ ያልበለጠ ይሁን። ደንብ ከወጣ ደግሞ የመሪ ውሻ ነገር ዛሬውኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ነገ አንድ ሰው ከመሪ ውሻ ጋር ቢመጣ በር ላይ ክርክር እንዳይጀምር።

የሕግ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ

በአጭሩ፦ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሳይታሰብ ከእጁ ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱም ሊገመት የማይችል ቢሆንም። «ነክሳ አታውቅም እኮ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት ብዙ አይረዳም። ካፌ ውስጥ በጠረጴዛ ሥር ተኝታ የነበረች ውሻ የአስተናጋጁን እግር ብትይዝ፣ ከካሣው የሚያድንሽ የክትባት ካርዱ አይደለም።

ጥያቄውን ያነሣችው፣ ከከዚራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጆንያውን ነገር በፊት አላየሁትም ነበር፤ ዓይኔ በቡቺ ቁመት ሆኖ አያውቅማ። የእህል ሱቅ፣ ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤት ከእንግዲህ አላስገባትም። ስለ መናፈሻና ስለ ጎዳና ግን ዶክተር ያሉትን ይዤ እቆማለሁ፤ የከዚራ ዛፎች ጥላ ለቡቺም ይበቃል፣ የሰውን እግር እንዳትልስ ገመዱን ማሳጠር የእኔ ሥራ ነው። የካፌውን ጉዳይ አልተረታሁም። ውጭ በተዘረጋ ወንበር ላይ፣ አስተናጋጁ ፈቅዶ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጠይቄ ብቀመጥ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ማንም አልነገረኝም። የምጠይቀው ሰው በይሉኝታ እሺ ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ይህ አንዱ ድካሜ ነው። ሽማግሌውን ባለፈው ዓርብ ከመስጊድ ሲወጡ አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። «ውሻዋ ምን ታድርግ፣ ገመዱ ነው የረዘመው» አሉኝ።

የቀረኝ የሙቀቱ ነገር ብቻ ነው። ሐጂ፣ ውጭ ልሰራት እሺ፤ የት?

የቀፊራው ባለ ሱቅ

በቀትር አትምጪ፤ ያን ጊዜ እኔም በሬን ዘግቼ ተኝቻለሁ። ከ10 ሰዓት በኋላ በረንዳዬ ከበሩ በስተግራ በኩል ጥላ ያርፍበታል፤ እዚያ ግድግዳው ላይ የብረት ቀለበት አስተክላለሁ፣ መምህር እንዳሉትም ከመተላለፊያው የራቀ ይሆናል። ውኃ በጣሳ አኖራለሁ፣ ጣሳው ግን ለሌላ አገልግሎት አይውልም። ፍየል ያሰረበት ሰው ካገኘሁ ቀለበቱን እነቅለዋለሁ።