አዲስ ደንብ በዕጣ ይሞከር ወይስ አይሞከር?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች አዲስ አሠራርን በሁሉም ላይ ከመደንገጋቸው በፊት በዕጣ በተለዩ ድርጅቶች ላይ ሊሞክሩት ይገባል?

የኢኮኖሚክስ መምህሩ፦ በሚገባ ይገባል! የሕንዷን ጉጅራት ግዛት እንመልከት። የፋብሪካዎችን ብክለት የሚለካውን ኦዲተር የሚመርጠውም የሚከፍለውም ፋብሪካው ራሱ ነበር። ታዲያ አብዛኛው ሪፖርት ከተፈቀደው የብክለት ጣሪያ በጥቂቱ ዝቅ እያለ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የግዛቱ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ፋብሪካዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን ኦዲተር በዕጣ ተመደበ፤ ክፍያው ከጋራ ቋት ሆነ፤ ልኬቱን የሚያጣራ ሌላ ቡድንም ተላከ። ኦዲተሮቹ ያዩትን መጻፍ ጀመሩ፤ ፋብሪካዎቹም ብክለታቸውን ቀነሱ። የተፈቀደው ጣሪያ ግን አልተነካም።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ዕጣው ባልደረሰው ፋብሪካ አጠገብ የሚኖረውን ሰው ማን ጠየቀው? ዜጎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው እያልን ጥበቃውን በዕጣ ማደል አይዋጥልኝም።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ያለ ሙከራው እኮ ሁለቱም ወገን በሐሰተኛ ሪፖርት ይቀጥል ነበር። ደግሞም ተቆጣጣሪ በአንድ ጊዜ ሁሉም ዘንድ አይደርስም። በካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች አደጋ ከሚበዛባቸው ዘርፎች የሚጎበኟቸውን ድርጅቶች በከፊል በዕጣ ይመርጡ ነበር። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያነጻጽሩ በተጎበኙት ዘንድ የጉዳት መጠን በ9.4 በመቶ ቀንሶ አገኙት፤ የሠራተኛ ቅነሳ ግን አልታየም። ቁጥጥር ሥራ ያጠፋል ለሚሉ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል?

የቀድሞው ተቆጣጣሪ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ዋጋው እየወረደ ያለን አክሲዮን ተበድሮ መሸጥን የሚገድበውን የቆየ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 1000 በሚጠጉ አክሲዮኖች ላይ ለሙከራ አነሣ። ውጤቱ አላስፈራም፤ በ2007 ገደቡ ለሁሉም ተነሣ። በማግስቱ የ2008 የፋይናንስ ቀውስ መጣ፤ በ2010 ገደቡ በሌላ መልክ ተመለሰ። ቀውሱን ያመጣው የደንቡ መነሣት ነው አልልም። ነገር ግን በሰላሙ ቀን የተሠራ ሙከራ ስለ ክፉው ቀን አይመሰክርም።

መምህሩ፦ ይህ እንግዲህ ደጋግሞ መለካት እንደሚያስፈልግ ያሳያል እንጂ ሙከራን አያስቀርም። በሰላሙ ቀን በግምት የወጣ ደንብ በክፉው ቀን በምን ይሻላል?

የሕግ ባለሙያዋ፦ እንግዲያውስ ምን እንደሚለካ፣ ጉዳት ከታየም መቼ እንደሚቆም ሙከራው ሳይጀመር በይፋ ይጻፍ። ውጤቱም ደንቡን ባረቀቁት ኃላፊዎች ላይ ቢፈርድ እንኳ ይታተም። መሥሪያ ቤቱ በዚህ የሚፈርም ከሆነ ተቃውሞዬን እተዋለሁ።