ለአሮጌ ቶርኖ ዕቃ ድሬ ላይ የት ይገኛል? የኔ ጥቆማ

ባለፈው ሰሞን "የአባቴ ቶርኖ ቆሟል፣ ዕቃ የት ላግኝ?" ብሎ የጠየቀ ወንድም ነበር። ቶርኖ ለማታውቁት፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። መልሱ ረዘም ስለሚል እንዲህ ለብቻ ጻፍኩት። እኔም ቤት አንድ የእንግሊዝ ሽማግሌ ቶርኖ አለ፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። ለሱ ስል ከከዚራ እስከ መጋላ ያልገባሁበት ሱቅ የለም።

መጀመሪያ፣ ሱቅ ገብታችሁ "የዚህ ማሽን መለዋወጫ አለ?" አትበሉ። የለም ነው የምትባሉት። ግን አቦ፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ እኮ የዚያ ማሽን ብቻ አይደለም። ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለኳስ ቀለበት)፣ ቺንጋው (ከሞተሩ ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ)፣ ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ) ሁሉም በቁጥር ወይም በልክ ነው የሚሸጠው። የማሽኑን ስም እርሱትና ያለቀውን ዕቃ ፈትታችሁ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ቀላሉ ኩሽኔታ ነው። ጎኑ ላይ 6205 ካለ ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ነው፤ ማንም ይሥራው ልኩ አይቀየርም። ይሄ የመኪና መለዋወጫ ቤትም ይገኛል፣ አዲስ አበባ መደወል አያስፈልግም። ሁለት ዓይነት ካመጡላችሁ የጎማ ክዳን ያለውን ውሰዱ፣ የድሬን አቧራ ታውቁት የለ። አንዴ ግን በደንብ ተሸውጃለሁ። ካርቶኑ ስመ ጥር፣ ዋጋው ደግሞ ከሌላው ሱቅ በግማሽ ያነሰ። ሱቁን አልጠራም። በ3 ሳምንቱ እንደ ክረምት እንቁራሪት መጮህ ጀመረ። አሁን ከመግዛቴ በፊት ጆሮዬ ሥር አድርጌ በጣቴ አሽከረክረዋለሁ፣ ጽሑፉንም በጥፍሬ እፍቀዋለሁ። ሻጩ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ለቺንጋ ደግሞ ወፍጮ ቤቶች የሚገዙበት ሱቅ ሂዱ። ወፍጮ ከቆመ ሰፈር ስለሚጮህ እነሱ ጋ ቺንጋ አይጠፋም። ወርዱ 13 ሚሊ ከሆነ ኤ ነው፣ 17 ከሆነ ቢ። ቢ 52 ማለት ርዝመቱ 52 ኢንች የሆነ ማለት ነው። ማሽኑ በ2 ወይም በ3 ቺንጋ የሚሠራ ከሆነ ሁሉንም ባንዴ ቀይሩ፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ካሰራችሁት ሸክሙ አንዱ ላይ ይወድቃል።

ፈተናው ያለው የጊር ጥርስ ላይ ነው። የኔ ቶርኖ አንድ የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ጊር ላይ 2 ጥርስ ተሰበረ። ይዤው ወደ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ሄድኩ። ባቡር እዚህ በ1895 ዓ.ም. ከገባ ጀምሮ ከተማችን ውስጥ ብረት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወይ እዚያ ጋራዥ ሠርቷል ወይ እዚያ ከሠራ ሰው ተምሯል፣ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው። ሰውዬው በጠመኔ ምልክት አድርጎ ጥርሱን ቆጠረ፤ ከተሰበሩት ጋር 32። ውጪውን በካሊፐር ለካ፤ 72 ሚሊ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። 32 ላይ 2 ጨመረ፣ 72ን ለ34 አካፈለ። "ወርያ፣ ይሄ ሚሊ አይደለም፣ ኢንች ነው" አለኝ። በሚሊ የሚሠሩት የጥርሱን መጠን ሞዱል ይሉታል፤ ሞዱል 2 ቢሆን ኖሮ ውጪው 68 ይሆን ነበር። የኔ 2.117 ገደማ ወጣ፣ እሱ ደግሞ 12 ዲፒ የሚባለው የእንግሊዞቹ የኢንች ጥርስ ልክ ነው። የፈረንሳይ ወይም የጣሊያን ማሽን ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ፤ እነሱ በሚሊ ናቸው።

ከዚያ ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንዱ አዲስ ጊር በፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ማስቆረጥ ነው። የጠየቅኳቸው ፍሬዛ ቤቶች ግን መቁረጫቸው የሞዱል ነው፣ የዲፒ የላቸውም። ከተሰበረው ጋር የሚነክሰውንም ጊር አብራችሁ በሞዱል 2 ካስቆረጣችሁ ይሠራል፣ ጊሮቹን የያዘው ክንድ ወዲህ ወዲያ ስለሚል። ዋጋው ግን እጥፍ ነው፣ ሁለቱም ከሌሎቹ ጊሮች ጋር አይገጥሙም። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ለሌላ ጉዳይ ከሄዳችሁ ዞር ዞር በሉ፣ በስልክ ግን አትዘዙ። እኔ አዝዤ በአውቶቡስ የመጣልኝ ጊር ጥርሱ ልክ ሆኖ ቀዳዳው ሌላ ነበር።

የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው፤ የተሰበረበትን በነሐስ በጋዝ አስበይዶ ጥርሱን በሞረድ ማውጣት። ጊዛን በተራ ኤሌክትሮድ ለሚበይድ ሰው አትስጡ፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ጎበዙ በያጅ መጀመሪያ ያሞቀዋል፣ ሲጨርስ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አመድ ውስጥ ይቀብረዋል። የኔው አመድ ውስጥ አደረ። ሞረዱ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፣ ጎረቤት ያለውን ጥርስ በካርቶን ቀርጬ እንደ ልክ እየተጠቀምኩ። ይኸው ሁለት ዓመቱ። ከባድ ሥራ ግን አልሰጠውም።

የልብስ ስፌት ማሽን ከሆነ ያላችሁ ድሬ ላይ አትድከሙ፣ ሐረር ውጡ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው የመጣው። ልብስ ሰፊዎቹን ጠይቁ፤ ማን ምን እንዳለው ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የትም ብትሄዱ ጠዋት ሂዱ። ከ7 ሰዓት በኋላ በርጫ ነው፣ ሙቀቱም አለ፤ ያገኛችሁት ሰው "ነገ ና" ነው የሚላችሁ።

እኔ አሁን የቸገረኝ የመሪ ቪቴው (ቶርኖው ጥርስ ሲያወጣ መቁረጫውን የሚነዳው ባለጥርስ ረጅም ዘንግ) የነሐስ ዳዶ ነው፣ አልቋል። ቪቴው በኢንች 4 ጥርስ ነው። ይሄን መቁረጥ የሚችል ቶርኖ የማውቀው የራሴን ነው፣ እሱ ደግሞ ያለ ዳዶው አይቆርጥም። የኢንች ቶርኖ ያለው ሰው ካወቃችሁ ድሬም ሐረርም ይሁን ጠቁሙኝ፣ ቪቴውን ተሸክሜ እመጣለሁ።