ኤጀንቱ ቀጠሮ ለከርሞ እየያዘ ነው፣ እባካችሁ አስቸኳይ!

ጥርስና ኮድ (ጠያቂ)፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2017
ሰላም ጓዶች። ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ በቴሌግራም ቀጠሮ የሚይዝ ኤአይ ኤጀንት ሠርቼ ዛሬ ሥራ አስጀመርኩት። አንዷ ታካሚ «መስከረም 5 ጠዋት 3 ሰዓት ያዝልኝ» አለችው። «ተይዞልዎታል» አላት። ሲስተሙ ውስጥ ገብቼ ሳይ የተመዘገበው ሴፕቴምበር 5 ቀን 2026፣ 03:00 ነው! ሌሎቹም ተዘበራርቀዋል። ቱሉን (ኤጀንቱ ቀጠሮ ለመመዝገብ የሚጠራውን ኮድ) በእጄ ስሞክረው ግን ምንም አይለውም። ሞዴሉ (ከኤጀንቱ ጀርባ ያለው ኤአይ) አማርኛ አይችልም መሰለኝ፣ የትኛውን ልቀይር? የክሊኒኩ ባለቤት እየደወለ ነው።

የሰፈር ልጅ
ሌሊት 9 ሰዓት ጥርስ የሚነቅል ክሊኒክ ከሆነ አድራሻውን ወዲህ በል። እኔን የሚያመኝ ያኔ ነው።

ፕሮምፕት ብቻ
ቀላል ነው። ሲስተም ፕሮምፕቱ (ለኤጀንቱ የሚሰጠው ቋሚ መመሪያ) ላይ «የኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቀም» ብለህ ጻፍ። አለቀ።

ባክኤንድ ነኝ
እስቲ የቱሉን መግለጫ ለጥፈው። ኮዱን አይደለም፣ ሞዴሉ የሚያየውን።

ጥርስና ኮድ
ስም፦ ቀጠሮ_ያዝ። መግለጫ፦ «ቀጠሮ ይይዛል»። ፓራሜትሮች (ኤጀንቱ ሞልቶ የሚልካቸው)፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስልክ። ስህተት ሲኖር «ስህተት 400» (የላክኸው ልክ አይደለም ማለት ነው) ይመልሳል። ሌላ ምን ይገለጻል?

ከመሠረቱ እንነሳ
ወንድሜ፣ ችግሩ ሰፋ ያለ ነው። ሰው የኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት በር) ሰነድ ሲያነብ ያልገባውን ጓደኛውን ይጠይቃል፣ ኮዱን ከፍቶ ያያል። ኤጀንት ግን በእጁ ያለው የቱሉ ስም፣ መግለጫውና የፓራሜትሮቹ ዝርዝር ብቻ ነው። በ2024 መጨረሻ አንትሮፒክ የተባለው የኤአይ ኩባንያ ኤምሲፒን (ኤአይን ከቱሎች ጋር የሚያገናኝ የጋራ ደንብ) ይፋ ካደረገ ወዲህ ብዙ ሰው «ኤምሲፒ ካለኝ ሰነድ አያስፈልገኝም» ይላል። ኤምሲፒ እኮ መስመር ነው። የጻፍከውን መግለጫ እንዳለ ያደርሳል እንጂ አያሻሽለውም። ኦፕንኤፒአይም (ኤፒአይ የሚገለጽበት መደበኛ ቅርጽ) ቢሆን የመግለጫ ቦታ አለው፣ ግን ማን ይሞላዋል? እኛ አገር ደግሞ ሰነድ ማለት...

ጥርስና ኮድ
አመሰግናለሁ፣ ግን ኤምሲፒ አልተጠቀምኩም። አሁን ምን ላድርግ?

ፎርም ይበቃል
እኔ የማይገባኝ፣ ለቀጠሮ ኤጀንት ምን ያደርጋል? ቀን መምረጫ ያለው ፎርም ብትሠራ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጥርስና ኮድ
ታካሚዎቹ ፎርም አይሞሉም፣ እናቶች ናቸው፣ በድምፅ ነው የሚልኩት። ደግሞ ቱሉ የፈረንጅ ቀን እንደሚቀበል ግልጽ ነው። ዳታቤዝ ሁሉ እንደዚያ ነው።

ባክኤንድ ነኝ
ለአንተ ግልጽ ነው። ኤጀንቱ ዳታቤዝህን አያይም። የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ ተረጎመ። የዘንድሮው ሴፕቴምበር 5 ከትናንት ወዲያ አልፏል። ቱልህ «ስህተት 400» አለው። ምን እንደተሳሳተ ስላልነገርከው ገምቶ ዓመቱን ጨመረ፣ ያኔ አለፈለት። ሎግህን (የጥሪዎቹን መዝገብ) እይ፣ ሁለት ጥሪ ታገኛለህ። ሞዴል ብትቀይር ሌላውም ይገምታል።

ፕሮምፕት ብቻ
እኮ! ሲስተም ፕሮምፕቱ ላይ «የኢትዮጵያ አቆጣጠር» በለው አልኩህ።

ባክኤንድ ነኝ
ይባስ ያበላሸዋል። 2018-01-05 ብሎ ቢልክልህ ለቱልህ ጃንዋሪ 5 ቀን 2018 ነው። ቅርጹ ትክክል ነው፣ ትርጉሙ ሌላ። ጳጉሜ 3 ሲሆን ደግሞ 2017-13-03 ይመጣና 13ኛ ወር የለም ብሎ ይወድቃል።

መጀመሪያ አሁኑኑ ኤጀንቱ እንዳይመዘግብ ዝጋው፣ ጥያቄ ይቀበል ብቻ። ከ08:00 በፊት ወይም ለ2026 የተያዙትን አውጣና እየደወላችሁ አስተካክሉ። ከዚያ መግለጫውን ለአዲስ ሠራተኛ እንደምታስረዳ አድርገህ ጻፈው። በግምት እንዲህ፦

«ለአንድ ታካሚ አዲስ ቀጠሮ ይመዘግባል። የተያዘን ቀጠሮ ለመቀየር ቀጠሮ_ቀይርን ተጠቀም። ቀኑን ታካሚው እንዳለው ላክ፣ ራስህ አትቀይር። አቆጣጠር፦ ኢትዮጵያ ወይም ግሪጎሪያን። ሰዓት፦ ከ1 እስከ 12፣ በኢትዮጵያ ሰዓት። ክፍለ ቀን፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት። ታካሚው ጠዋት ይሁን ማታ ካልነገረህ ጠይቅ፣ አትገምት። ምሳሌ፦ ቀን 5፣ ወር መስከረም፣ ዓመት 2018፣ አቆጣጠር ኢትዮጵያ፣ ሰዓት 3፣ ክፍለ ቀን ጠዋት።»

ቅየራውን ኮድህ ይሥራው። መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ይሄን ለሞዴል አትተው።

የወር ወጪ
ከላይ ባለው ላይ አንድ ልጨምር። ቱሉ ሲሳካ «እሺ» ብቻ አይበል። «ሰኞ መስከረም 5 ቀን 2018፣ ጠዋት 3 ሰዓት ተይዟል» ብሎ ይመልስ፣ ኤጀንቱም ለታካሚዋ ይህንኑ ያንብብላት። የሳምንቱ ቀን ካልገጠመ እሷው «ሰኞ አላልኩም» ትላለች። ስህተቱንም እንዲሁ፦ «ቀኑ አልፏል። ዓመቱን ራስህ አትቀይር፣ ታካሚውን ጠይቅ» በለው። ኤጀንቱ ሲቸግረው የሚያነበው እሱን ነው።

ፎርም ይበቃል
ሰነዱ ምንም ቢያምር 03:00ን የተቀበለ ቱል ራሱ ጥፋተኛ ነው። ክሊኒኩ ዝግ በሆነበት ሰዓት እንዴት ይመዘግባል? እሱን ኮድ ላይ ከልክል፣ መግለጫው ላይ መለመን ብቻ አይበቃም።

ባክኤንድ ነኝ
እዚህ ላይ ልክ ነህ። ሁለቱም ያስፈልጋል።

የሰፈር ልጅ
የ2026ቷ ታካሚ ግን እስከዚያ ጥርሷ ራሱ ይወልቃል።

አዲስ ገቢ
እኔ ደግሞ የክፍያ ቱል አለኝ። ፓራሜትሩ «መጠን» ነው የሚለው። 500 ብር ሲባል አንዳንዴ 500፣ አንዳንዴ 50000 ይልካል። ይሄስ?

የወር ወጪ
አንዳንዴ በብር፣ አንዳንዴ በሳንቲም እየላከልህ ነው። ስሙን «መጠን_በብር» በለው፣ ከፍተኛውን ጣሪያም ኮዱ ላይ ገድብ። የእውነት ገንዘብ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አጥፋውና የራስህን ጥያቄ ክፈት፣ እዚህ ጥርስ ላይ ነን።